የጠየቀችውን ችሎት የተቃወመች አገር

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውን ካጸደቀ ወዲህ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «የራሳችንን ወንጀል ራሳችን እንዳኘው ወይስ ለባዕድ ዳኛ እንስጠው?» የሚል። መምህር እንደ መሆኔ የሁለቱንም ወገን ክርክር በሚዛን አስቀምጬ ማስረዳት ይጠበቅብኛል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሩዋንዳ እወስዳቸዋለሁ። ሩዋንዳ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠችምና። ሁለቱንም በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዱ ሲከብዳት ወደ ሌላው እያጋደለች፣ ሃያ ዓመት ያህል ተጉዛለች። በዚህ ጉዞ ምን እንዳተረፈችና ሒሳቡን ማን እንደ ከፈለ ነው ዛሬ ላወጋችሁ የምሻው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ወንበር ነው። ሩዋንዳ በ1994 እና በ1995 የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ነበረች። በኤፕሪል 1994 እልቂቱ ሲጀመር በወንበሩ ላይ የተቀመጠው እልቂቱን ይመራ የነበረው ጊዜያዊ መንግሥት አምባሳደር ነው። ገዳዩ መንግሥት የዓለምን ሰላም ያስጠብቃል በሚባለው ጉባኤ ውስጥ ድምፅ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ምክር ቤቱ ኤፕሪል 21 ቀን በሩዋንዳ የነበረውን የሰላም አስከባሪ ኃይል ወደ 270 ሰዎች እንዲቀነስ ሲወስን አምባሳደሩ እዚያው ነበር። ሜይ 17 ቀን በሩዋንዳ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ሲጣል ብቻውን የተቃወመውም እርሱ ነው። በጁላይ የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ኪጋሊን ይዞ አዲስ መንግሥት ሲያቋቁም ወንበሩ ለአዲሱ መንግሥት ተላለፈ። ኖቬምበር 8 ቀን 1994 ያው ወንበር እንደገና ብቻውን «አይሆንም» አለ። በስድስት ወር ውስጥ ከአንድ ወንበር ሁለት ጊዜ የብቻ ተቃውሞ ተሰማ፤ አንዱ ከገዳይ አፍ፣ ሌላው ከተገዳዮቹ ወገን።

በሁለተኛው ጊዜ የቀረበው የውሳኔ ቁጥር 955 ረቂቅ ነበር፤ የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት የተቋቋመበት። ረቂቁን በዋናነት ያዘጋጁት አሜሪካና ኒውዚላንድ ናቸው። 13 አገሮች ደገፉት፤ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች፤ ሩዋንዳ ተቃወመች። የሚያስገርመው ገና በሴፕቴምበር ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጽፋ ችሎቱ በአስቸኳይ ይቋቋምልኝ ያለችው ራሷ ሩዋንዳ መሆኗ ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይሥቃሉ። የሚያሥቅ ግን አይደለም።

አምባሳደር ማንዚ ባኩራሙትሳ በዚያ ዕለት ያቀረቧቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዳኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ዋናው ዐቃቤ ሕግና ይግባኝ ሰሚው ችሎት ከዩጎዝላቪያው ችሎት ጋር የጋራ ናቸው፤ በሩዋንዳ ጦርነት እጃቸውን ያስገቡ አገሮች ዳኛ ሊያቀርቡ ነው፤ የተፈረደባቸው በባዕድ አገር ሊታሰሩ ነው። (የእጅ ማስገባቱ ነገር ለማን እንደ ተነገረ ከፈረንሳይ መልእክተኛ ጀምሮ ያልገባው ሰው የነበረ አይመስለኝም።) ከሁሉ ይልቅ ግን ሦስት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛው የሞት ቅጣት ጉዳይ ነው። በሚቋቋመው ችሎት ትልቁ ቅጣት የዕድሜ ልክ እስራት ሲሆን በሩዋንዳ ሕግ ግን ነፍሰ ገዳይ በሞት ይቀጣ ነበር። እንግዲህ እልቂቱን ያቀዱት ሚኒስትሮችና ኮሎኔሎች ሕይወታቸው ሊተርፍ፣ በእነርሱ ትእዛዝ ገጀራ ያነሣው ገበሬ ግን ሊገደል ነው። የሞት ቅጣትን የምንቃወም ሰዎች እንኳ ይህን ክርክር በቀላሉ ልናጣጥለው አንችልም። ሁለተኛው የቦታው ጉዳይ ነው፤ ፍርዱ ሕዝቡ በዓይኑ በሚያየው ስፍራ ይሰጥ የሚል። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 1995 የታንዛኒያዋን አሩሻን መረጠ። አሩሻ ተፋላሚዎቹ በኦገስት 1993 የሰላም ስምምነት የፈረሙባት ከተማ ናት፤ ስምምነቱም ስሟን ይዞ በደም ሰምጧል። ለብዙ ሩዋንዳውያን የከተማይቱ ስም እንዴት ይሰማቸው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የከበደው፣ የዘመኑ ወሰን ነው። ሩዋንዳ የችሎቱ ሥልጣን ከኦክቶበር 1 ቀን 1990 እስከ ጁላይ 17 ቀን 1994 ያለውን ጊዜ እንዲሸፍን ፈልጋ ነበር። ምክር ቤቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1994 ብሎ ወሰነ። የመነሻው ክርክር እውነት አለው፤ እልቂቱ በአንድ ሌሊት አልታሰበም፤ ሙከራዎቹና ዝግጅቱ ዓመታት ወስደዋል። የመድረሻው ክርክር ግን ሌላ ነገር ያዘለ ነው። ከጁላይ አጋማሽ ወዲህ ባሉት ወራት የቀድሞው ጦር ድንበር ተሻግሮ ሸሽቷል፤ በአገሪቱ ላይ ሥልጣኑን የያዘው ግንባሩ ነው። ምክር ቤቱ ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በኦክቶበር 1994 ባቀረበው ዘገባ የዘር ማጥፋቱ የሁቱ ጽንፈኞች ሥራ መሆኑን አረጋግጦ፣ ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ግን በሰብአዊነት ሕግ ላይ ከባድ ጥሰት መፈጸማቸውን ገልጾ ነበር። እነዚያ የተጨመሩት አምስት ወራት ማንን ለመጠየቅ እንደ ተጨመሩ ኪጋሊ ወዲያው ገብቷታል።

ውድ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ አንድ ነገር ልበል። የተባበሩት መንግሥታት 800 ሺህ፣ የሩዋንዳ መንግሥት ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚለውን የአንድ መቶ ቀን ፍጅት ግንባሩ ከፈጸማቸው ግድያዎች ጋር በአንድ ሚዛን የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም። እንዲህ ያለው ማመሳሰል የክሕደት መግቢያ በር መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የሟች ቤተ ሰብ ሚዛን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዳኛ ነው።

ተቃውሞዋን ካስመዘገበች በኋላ ሩዋንዳ አልኮረፈችም። ከችሎቱ ጋር ለመተባበር ቃል ገባች፤ የዐቃቤ ሕጉ ጽሕፈት ቤት በኪጋሊ ተከፈተ፤ መርማሪዎች ወደ መቃብሮቹ ተመሩ። ይህን ያደረገችው ከየዋህነት አልነበረም። ስፋቷ ከ26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ካዝናዋ የተዘረፈ፣ እስር ቤቶቿ ከአቅማቸው በላይ የሞሉ አገር የለጋሾቹን ፊት ማጣት አትችልም ነበር። ከእልቂቱ የተረፉት ወገኖቿ ፍትሕ ይጠይቃሉ፤ ጦሯ ደግሞ ማንም እንዲጠይቀው አይፈልግም። «አይሆንም» የሚለው ድምፅ ለተራፊዎቹና ለጦሩ ነበር፤ ትብብሩ ለለጋሾቹ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኪጋሊ አንድ ነገር ቀድማ የተረዳች ይመስለኛል። ችሎቱ ፖሊስ የለውም፤ ጦር የለውም፤ ምስክሮቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል በእርሷ ግዛት ውስጥ ናቸው።

በ2008 የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ አሩሻ ሄጄ ከችሎቱ የሕዝብ መቀመጫ ለጥቂት ቀናት ተቀምጬ ነበር። በአዳራሹና በተመልካቹ መካከል መስታወት አለ፤ ድምፁን የምንሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ በኪንያርዋንዳ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ። ምስክሯ ከመጋረጃ ጀርባ ነበረች፤ ስሟ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። አንድን ጥያቄ አምስትና ስድስት ጊዜ ይጠይቋታል፤ ከኮረብታው እስከ መንገዱ ስንት ሜትር ይሆናል? ስንት ሰዓት ነበር? እርሷ የምትመልሰው ፀሐይዋ የት እንደ ነበረች እየተናገረች ነው። ያን ጊዜ የገረመኝ የትርጉሙ አስቸጋሪነት ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ያች ሴት እዚያ ወንበር ላይ የደረሰችው የሩዋንዳ መንግሥት መውጫ ወረቀት ስለ ሰጣት ነው።

የጉተታው የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና በ1996 መጣ። የእልቂቱ ዋና አቀናባሪ የሚባለው ኮሎኔል ቴዎኔስት ባጎሶራ በማርች በካሜሩን ተያዘ። ቤልጂግም ሩዋንዳም ፈልገውት ነበር፤ በመጨረሻ አሩሻ ወሰደችው። በዚያው ዓመት «ሁቱ ፓወር» የተባለውን መፈክር ካስተጋቡት ፖለቲከኞች አንዱ የሆነው ፍሮዱዋልድ ካራሚራ በሕንድ ተይዞ በእኛው አዲስ አበባ በኩል ወደ ኪጋሊ ተላለፈ። የችሎቱ ዐቃቤ ሕግ ዳኛ ሪቻርድ ጎልድስቶን ካራሚራንም ለአሩሻ ፈልገውት ነበር፤ ኪጋሊ ስትቆጣ ግን ጥያቄያቸውን ተዉት። የሁለቱ ሰዎች ፍጻሜ የአምባሳደሩን ክርክር በሥጋና በደም የሚያስረዳ ነው። ካራሚራ በፌብሩዋሪ 1997 ሞት ተፈረደበት፤ በኤፕሪል 24 ቀን 1998 በአደባባይ ከተረሸኑት 22 ሰዎች አንዱ ሆነ። ባጎሶራ በዲሴምበር 2008 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 35 ዓመት ተቀነሰለት፤ በ2021 በማሊ ታስሮ ሳለ ሞተ።

እዚህ ላይ ወደ ቤቴ ልመለስ። ውሳኔ 955 በጸደቀ ማግሥት፣ በዲሴምበር 1994፣ በአዲስ አበባ የቀይ ሽብር ችሎት ተከፈተ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የተቋቋመው በ1992 ሲሆን ባዕድ ዳኛ አልተጠራም፤ የራሳችን ዳኞች በራሳችን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይዳኙ ተባለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ልጇ በ1978 ከቤት ተወስዶ የቀረባት አክስቴ ያን ዕለት ሬዲዮኑን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሰማች። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ሲራዘም፣ እንደገና ሲራዘም፣ «በሕይወት እያለሁ ይፈርዱ ይሆን?» ማለት ለመደች። የጥፋተኝነት ውሳኔው በዲሴምበር 2006 ተሰጠ፤ ዋናው ተከሳሽ ሐራሬ ተቀምጦ በሌለበት። አክስቴ አልደረሰችበትም። እንግዲህ የራስ ዳኛ ሲባል ወዲያው ልቤ የማይሞቀው ለዚህ ነው። የባዕድ ዳኛ ሲባልም የማይሞቀው ደግሞ ቀጥሎ በምነግራችሁ ምክንያት ነው።

ዣን ቦስኮ ባራያግዊዛ የጽንፈኛው ፓርቲ መሪና «የሺህ ኮረብቶች ሬዲዮ» ከተባለው የጥላቻ ጣቢያ መሥራቾች አንዱ ነበር። በካሜሩን ከተያዘ በኋላ ያለ ክስ ለረጅም ጊዜ በመታሰሩ መብቱ ተጥሷል ሲል ይግባኝ ሰሚው ችሎት በኖቬምበር 3 ቀን 1999 ክሱ ተሰርዞ እንዲፈታ አዘዘ። ሕጉን ብቻ ለሚያይ ሰው ውሳኔው ደፋር ነው። ልጆቹን ለቀበረ ሰው ግን እብደት ነው። ሩዋንዳ በቀናት ውስጥ ትብብሯን አቋረጠች፤ ለአዲሷ ዋና ዐቃቤ ሕግ ለወይዘሮ ካርላ ዴል ፖንቴም ቪዛ ከለከለች። በፌብሩዋሪ 2000 ጉዳዩ እንደገና ሲሰማ ዴል ፖንቴ ለዳኞቹ የተናገሩት ነገር ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ወደድንም ጠላንም ሥራችን በሩዋንዳ መንግሥት ትብብር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በማርች 31 ቀን ዳኞቹ «አዲስ ፍሬ ነገሮች ቀርበዋል» ብለው ውሳኔያቸውን ለወጡ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ኮሎምቢያዊው ራፋኤል ኒዬቶ ናቪያ፣ የፍርድ ቤት ነፃነት ለፖለቲካ ግፊት እንደማይንበረከክ የሚገልጽ የተለየ መግለጫ ማያያዝ ግድ ሆኖባቸዋል። እንዲህ ያለ መግለጫ መጻፍ ያስፈለገው ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ባራያግዊዛ በኋላ ጥፋተኛ ተብሎ በይግባኝ የ32 ዓመት እስራት ጸናበት። አሁን ድረስ በዚህ ጉዳይ ልቤ ከኪጋሊ ጋር ነው፤ መንገዱን ግን ልቀበለው አልቻልሁም። በዚያ ወር አንዲት ትንሽ አገር ዓለም አቀፍ ችሎትን እንዴት መዝጋት እንደሚቻል ተማረች፤ ትምህርቱም አልተረሳም።

ዴል ፖንቴ በዲሴምበር 2000 የግንባሩ ወታደሮች ፈጸሟቸው የተባሉትን ግድያዎችም እየመረመሩ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ካጋሜ እንደሚተባበሩ ገለጹ። በኋላ ፋይሎቹ አልመጣ አሉ። በዚህ መካከል ከእልቂቱ የተረፉት ሰዎች ማኅበራት ከችሎቱ ጋር ተጣልተው ነበር፤ ምክንያታቸውም ተራ አልነበረም። በ2001 ተደፍራ የተረፈች አንዲት ምስክር በተከሳሽ ጠበቃ ስትጠየቅ ዳኞች ሥቀው ነበር። ሣቁ በጠበቃው አጠያየቅ ላይ ነው የሚል ማስተባበያ ተሰጥቷል፤ ግን ሴትዮዋ የሰማችው ሣቁን ነው። ኢቡካና አቬጋ የተባሉት ማኅበራት በጃንዋሪ 2002 ትብብራቸውን አቋረጡ። በጁን ደግሞ መንግሥት ለምስክሮች ጉዞ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ወረቀቱ በዛ፤ ምስክሮች ከኪጋሊ ሳይነሡ ቀሩ፤ በአሩሻ ችሎቶች ተቋረጡ። የተራፊዎቹ እውነተኛ ቁስልና የጦር መኮንኖቹ ሥጋት በአንድ ማኅተም ተጠቅልለው ቀረቡ። የዚህ ፖለቲካ ብልሃቱም ጭካኔውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዴል ፖንቴ በጁላይ 2002 ለጸጥታው ምክር ቤት አቤት አሉ። ምክር ቤቱ ወራት ቆይቶ በዲሴምበር ለዘብ ያለ መግለጫ አወጣ። በ1994 ዝም ያለ ምክር ቤት በ2002 ኪጋሊን ለመቆጣት አንደበት አልነበረውም፤ ኪጋሊም ይህን ኀፍረት ከማንም በላይ ታውቅበት ነበር። በኦገስት 2003 በውሳኔ ቁጥር 1503 የሁለቱ ችሎቶች ዐቃቤ ሕግነት ተለያየ። ዴል ፖንቴ ለዩጎዝላቪያው ቀሩ፤ ለሩዋንዳው ጋምቢያዊው ሐሰን ቡባካር ጃሎ ተሾሙ። ይፋዊው ምክንያት የሥራ ብዛት ነው፤ በእርግጥም ሁለቱን በአንድ ሰው መምራት ከባድ ነበር። ዴል ፖንቴ ግን በ2008 ባሳተሙት ማስታወሻ የተነሡት ያን ምርመራ አልተውም በማለታቸው እንደ ሆነ ይከስሳሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ለሩዋንዳ ቀናው፤ እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁንላት። ችሎቱ ሥራውን ለማጠናቀቅ አንዳንድ መዝገቦችን ወደ አገሮች ፍርድ ቤቶች ማስተላለፍ ሲያስፈልገው፣ ያቺ በ1994 የሞት ቅጣት የለበትም ብላ የተቃወመች አገር በ2007 የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰረዘች። በ2008 ዳኞቹ ፍርዱ ሚዛናዊ መሆኑ አጠራጥሮናል ብለው ጥያቄውን ደጋግመው ውድቅ አደረጉ። ሩዋንዳ ሕጓን እንደገና አሻሻለች፤ ለምስክሮች ጥበቃ አዘጋጀች። በጁን 2011 የፓስተር ዣን ኡዊንኪንዲ መዝገብ ወደ ኪጋሊ እንዲዛወር ተፈቀደ። ባዕዱ ችሎት የአገር ውስጡን ሕግ ለውጧል፤ በትእዛዝ ሳይሆን በጉጉት። ለተማሪዎቼ ስለ ዓለም አቀፍ ፍትሕ በጎ ነገር ስናገር ይህን አስቀድማለሁ።

የዴል ፖንቴ ምርመራስ? በጁን 1994 በካብጋዪ አቅራቢያ የግንባሩ ወታደሮች ሦስት ጳጳሳትን ጨምሮ በቁጥጥራቸው ሥር የነበሩ ካህናትን ገድለው ነበር። ጃሎ ይህን መዝገብ ለኪጋሊ ተዉላት። በ2008 አራት መኮንኖች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ሁለት ካፒቴኖች አምነው ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ ወደ አምስት ወረደላቸው። ከፍተኛ ማዕርግ የነበራቸው ሁለቱ በነፃ ተለቀቁ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጮኹ፤ ጃሎ ግን ሒደቱን ተቀበሉት።

ችሎቱ ዲሴምበር 31 ቀን 2015 ሲዘጋ 93 ሰዎችን ከስሶ 62ቱን ቀጥቶ፣ 14ቱን በነፃ አሰናብቶ ነበር። ከ93ቱ ስሞች መካከል የግንባሩ ሰው አንድም የለም። ሩዋንዳ መዛግብቱ ወደ ኪጋሊ ይምጡልኝ ብላ ብዙ ተከራከረች፤ ምክር ቤቱ ግን የተባበሩት መንግሥታት ንብረት ናቸው፣ በአሩሻ ይቀመጡ ብሎ ወሰነ። ከ2016 ጀምሮ የተቀመጡት ከከተማው ወጣ ብሎ ላኪላኪ በተባለው ስፍራ በተሠራ ሕንጻ ውስጥ ነው። ያች በ2008 ከመጋረጃ ጀርባ የሰማኋት ሴት ድምፅም እዚያው አለ፤ ፀሐይዋ የት እንደ ነበረች ስትናገር።